እናቶቻችን በዝምታ የሚሸከሙት ጉዳይ፦ የሽንት ካቴተሩን ማን ይምረጥላቸው?

(ከዚህ በታች የምታነቡት በሳምንታዊው የሳተላይት ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የቀረበ ሐተታ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ ነው።)

ዛሬ ስለ ምርጫም፣ ስለ ድርድርም፣ ስለ ዶላር ምንዛሪም አላወራም። ዛሬ የማወራው ስለ ሽንት ነው። ሽንታቸው ፊኛቸው ውስጥ እየቀረ አልወጣ ስለሚላቸው፣ በቀን አራት አምስት ጊዜም በቀጭን ቱቦ ስለሚያወጡ እናቶቻችንና እህቶቻችን ነው። ጣቢያ ለመቀየር ሪሞት ያነሳችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ይህ ርዕስ ሲነሳ ፊታችንን ማዞራችን ራሱ የችግሩ ግማሽ ነው።

ነገሩን ያነሳሁት አንዲት ተመልካች ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በላከችልን መልእክት ምክንያት ነው። እናቷ ለረጅም ዓመታት ስኳር አለባቸው። ስኳሩ የፊኛቸውን ነርቭ ጎድቶት ሽንታቸው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ሐኪም በየጊዜው እያስገቡ የሚያወጡት ካቴተር አዘዘላቸው። አንድ አቅራቢ ድርጅት በየወሩ ትልቅ ካርቶን ይልካል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቱቦ ረጅም ነው፣ ደረቅ ነው፣ ያማቸዋል። እናትየው ታዲያ ምን አደረጉ? ውሃ መጠጣት ቀነሱ። ቅዳሴ መሄድ ተዉ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚያስተረጉምላቸው የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ሐኪሙ «ካቴተሩ እንዴት ነው?» ሲል «ደህና ነኝ በለው» ይላሉ። ልጃቸው የጠየቀችን ጥያቄ አጭር ነው፦ «የትኛው ካቴተር ይሻላል?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት የፖለቲካ ሳይንስ ነው። ግን አሜሪካዊው ምሁር ሃሮልድ ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ፖለቲካን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ እንዴት ያገኛል» ብሎ ገልጾታል። ይህ የካቴተር ጉዳይ ከዚህ አይወጣም። ማን የትኛውን ቱቦ ያገኛል? ማን ይከፍላል? ማን ይመርጣል? የዛሬው ሐሳቤም ይኸው ነው፦ ለሁሉም ሴት የሚሻል አንድ ካቴተር የለም፤ ስለዚህ ምርጫው የባለቤቷ መሆን አለበት። ዛሬ ግን እየመረጡልን ያሉት ሁለት ናቸው፦ አንደኛው አቅራቢው፣ ሁለተኛው ዝምታችን።

መጀመሪያ ሕመሙን እንረዳ። ሽንት አልወጣ ማለት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፕሮስቴት ያለበትን ወንድ ነው። ሴቶችም ይይዛቸዋል። ስኳር የፊኛን ነርቭ ሲጎዳ፣ ኅብለ ሰረሰር ሲመታ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ ሲኖር፣ ከማህፀን ወይም ከዳሌ አካባቢ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ከወሊድ በኋላ፣ አንዳንዴም በመድኃኒት ምክንያት ይመጣል። ፊኛ በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከዚያ አልፎ ሲወጠር ጡንቻው ይዝላል፤ በውስጡ የቀረው ሽንት ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፤ ሲብስ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ይጎዳል። የሽንት ጉዳይ የኩላሊት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

መፍትሔው ረጅም ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድዊግ ጉትማን ኅብለ ሰረሰራቸው የተመታ ወታደሮችን ሽንት በየጊዜው በካቴተር ማስወጣትን ሥርዓት አስያዘው። ያ ግን ሙሉ በሙሉ ከጀርም በጸዳ መንገድ በባለሙያ እጅ የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ጃክ ላፒደስ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ ሕመምተኛዋ ራሷ፣ በቤቷ፣ እጇን በሚገባ ታጥባ ማድረግ ትችላለች አለ። ክርክሩ ግልጽ ነበር። ኢንፌክሽን የሚያመጣው በዋናነት ፊኛው ተወጥሮ መቆየቱ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ አስፈላጊው በሰዓቱ ባዶ ማድረግ ነው። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ተቃውመውታል። ዛሬ ግን ፊኛቸው በራሱ ለማይራገፍ ሰዎች፣ እጃቸው ከቻለ፣ በመጀመሪያ የሚመከረው ይህ ዘዴ ነው። ቱቦ ተቀብሮባቸው ከረጢት ተሸክመው ከሚውሉ ይልቅ በየጊዜው አስገብተው ቢያወጡ ኢንፌክሽኑም ይቀንሳል፣ ነጻነታቸውም ይጠበቃል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልግባ። ካቴተሮች በምን ይለያያሉ?

አንደኛው ርዝመት ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንዱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ ለወንድ የሚሠራው ካቴተር 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለሴት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያም ያጠሩ፣ ከሊፕስቲክ ብዙ የማይበልጡ፣ ቦርሳ ውስጥ ቢታዩ ማንም የማያውቃቸው አሉ። የኮሎፕላስት ስፒዲካት ኮምፓክትና የሆሊስተር ኢንፊና ሺክ ከእነዚህ ይመደባሉ። ለቅሶ ቤት ለምትውል፣ ሠርግ ለምትሄድ፣ መሥሪያ ቤት ለምትገባ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አጭሩ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ለምትጠቀም፣ ሽንቱን ከረጢት ወይም ዕቃ ውስጥ ለምታወርድ፣ ወይም ሰውነቷ ሞላ ብሎ ለመድረስ ለሚያስቸግራት ረጅሙ ሊመቻት ይችላል። ረጅም መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሳይጠየቁ መላኩ ነው ጥፋቱ።

ሁለተኛው ውፍረት ነው። የሚለካው ፍሬንች በሚባል መለኪያ ሲሆን አንድ ፍሬንች የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ነው። 12 ፍሬንች የሚል ካያችሁ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለአዋቂ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ይታዘዛል። በመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው ቀለም ቁጥሩን ይነግራችኋል፦ ጥቁር 10፣ ነጭ 12፣ አረንጓዴ 14። በጣም ቀጭን ከሆነ ሽንቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በጣም ወፍራም ከሆነ ያማል። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ ቀለሙን አይተው «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት ይችላሉ።

ሦስተኛውና ብዙ የሚወራለት ሽፋኑ ነው። ሽፋን የሌለው ተራ የፕላስቲክ ካቴተር አለ፤ ማለስለሻ ጄል ለብቻው ይቀባል። ጄሉ አስቀድሞ የተቀባ አለ። ሃይድሮፊሊክ የሚባልም አለ፤ ሽፋኑ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሟልጭ ይሆናል። የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት ካቴተር፣ ሎፍሪክ የተባለው፣ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው የወጣው። አንዳንዶቹ ውሃው ውስጥ እንዳሉ ታሽገው ይመጣሉ፤ ከፍቶ መጠቀም ብቻ ነው። ሌሎቹ ውሃ ነክቷቸው ጥቂት ሰከንድ መቆየት አለባቸው። ብዙ ሴቶች ሲገባና ሲወጣ ይህ ይለሰልሳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እጃቸው ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራቸዋል፤ ተራውን ይመርጣሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ሃይድሮፊሊክ ካቴተር አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ስለሚጣበቅ አጥቦ ደግሞ መጠቀም ሥጋ ይልጣል።

አራተኛው የሚሠራበት ነገርና የጫፉ ቅርጽ ነው። ፒቪሲ አለ፣ ሲሊኮን አለ፣ ቀዩ የላቴክስ ጎማ አለ። ላቴክስ አለርጂ የሆነባት ሴት ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት። ጫፉ ቆልመም ያለው ደግሞ በአብዛኛው ለወንዶች የሚያስፈልግ ነው፤ ለሴት ቀጥ ያለው ይበቃል። ያለ ምክንያት ቆልማማው ከመጣላችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛው አያያዙና አከፋፈቱ ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው ይህ ነገር ለብዙ እናቶች ዋናው ነው። ጣታቸው በአርትራይተስ ለደረቀ፣ በስትሮክ አንድ እጃቸው ለደከመ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሴት እሽጉን መቅደድ ራሱ ፈተና ነው። ጣት የሚገባበት ቀለበት ያለው እሽግ አለ። እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ የሚከፈት አለ። ቱቦውን ሳይነኩ የሚይዙበት መያዣ ወይም ስስ ሽፋን ያለው አለ። ቱቦው ከሽንት መያዣ ከረጢት ጋር ተያይዞ የሚመጣም አለ፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ለማያገኝ ሰው ይመቻል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

እንግዲህ «ሳይንሱ የትኛውን ይመርጣል?» የሚል ይኖራል። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን በገለልተኝነት እየሰበሰበ የሚመዝነው ድርጅት ይህን ጥያቄ ደጋግሞ መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ ከ20 በላይ ሙከራዎችን አይቶ፣ የትኛውም ዓይነት ካቴተር ኢንፌክሽን በመቀነስ ከሌላው ይበልጣል ለማለት ማስረጃው ደካማ ነው ብሏል። ይህ ማለት ሁሉም አንድ ናቸው ማለት አይደለም። «የእኔ ምርት ከኢንፌክሽን ያድናችኋል» የሚላችሁን ሻጭ በጥርጣሬ ስሙት ማለት ነው። ሁለተኛ ደግሞ፣ የላብራቶሪው ውጤት ካልለየ፣ ሚዛኑን የሚደፋው የምትጠቀመው ሴት ምቾት ነው። የሚያማትን ካቴተር ታዘገየዋለች። ስታዘገየው ፊኛው ይወጠራል። የሚመቻት ከሆነ በሰዓቱ ትጠቀመዋለች። ዶክተር ላፒደስ የነገረን እኮ ይህንን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአሜሪካ የምትኖሩ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ ሜዲኬር በወር የሚከፍለው ለአራት ካቴተር ነበር። ይኸውም አንዱን እያጠባችሁ ሳምንት ሙሉ ተጠቀሙ ማለት ነው። ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ ግን በወር እስከ 200 ድረስ ይከፍላል። በቀን ስድስት ጊዜ በአዲስ ካቴተር መጠቀም ይቻላል ማለት ነው። ይህ በችሮታ የመጣ አይደለም፤ ሕመምተኞችና ባለሙያዎች ጠይቀው ያገኙት ነው። ታዲያ ዛሬም ሳሙና ይዘው ቱቦ የሚያጥቡ እናቶች በመካከላችን ካሉ፣ መብቱ እያለ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ሌላም አለ። ሜዲኬር ለረጅም ዓመታት ቀጥ ያለውን ካቴተር፣ ሽፋን ኖረውም አልኖረውም፣ ኤ4351 በሚል በአንድ ኮድና በአንድ ዋጋ ሲከፍል ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ክፍያው እኩል ከሆነ አቅራቢው ርካሹን ቢልክ ትርፉ ለእሱ ነው። ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ አላልኩም፤ አሠራሩ ግን ወደዚያ ይገፋል። መከላከያው ቀላል ነው። ሐኪሟ በማዘዣው ላይ ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና ዓይነቱን ለይቶ ይጻፍ። ከረጢትና ማጽጃ ያለው ሙሉ ጥቅል፣ ኤ4353 የሚባለው፣ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ለምሳሌ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠና ምልክት ያለው ኢንፌክሽን የያዛት ሴት ልትጠይቅ ትችላለች። ስለዚህ ኢንፌክሽን ሲይዛችሁ በግምት መድኃኒት ከመውሰድ ምርመራው ይደረግ፣ ይመዝገብም።

በዜና የሰማችሁትን ማጭበርበርም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 በካቴተር ስም ሜዲኬር የተከፈለበት ሰው ቁጥር ቀድሞ ከነበረው 50,000 ገደማ ተነስቶ ወደ 450,000 ደረሰ። አብዛኞቹ ካቴተር አይተውም አያውቁም። በሰኔ 2025 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ይፋ ባደረገው አንድ ክስ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን መለያ ተሰርቆ ካቴተርና ሌሎች የሕክምና ዕቃዎች ተልከዋል በሚል 10.6 ቢሊዮን ዶላር መጠየቁ ተገልጿል። የእናታችሁን የሜዲኬር ወረቀት «እንግሊዝኛ ነው» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት። ያላዘዙት ነገር ካለበት በ1-800-633-4227 ደውሉ። በስልክ ለሚጠይቅ እንግዳ ሰው ቁጥራቸውን እንዳይሰጡም ንገሯቸው። ሌባ ሲበዛ ቁጥጥሩ ይጠብቃል፤ የሚጎዱት ደግሞ በትክክል የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መራጭ፣ ወደ ዝምታችን ልመለስ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለአያቱ ስለ ሽንታቸው ማስተርጎም የለበትም። ለልጁም ለእሳቸውም ግፍ ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ ያስገድዳሉ። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ከተቻለ ሴት» በሉ። ሴት ነርስ እንድታስተምራቸውም ጠይቁ። መጀመሪያ በመስታወት እያዩ ይለማመዳሉ፤ እየቆየ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ይሆናል። ቱቦው ተሳስቶ በብልት መንገድ ከገባ መደናገጥ አያስፈልግም፤ እሱን ለምልክት እዚያው ትቶ በአዲስ ካቴተር ከፍ ብሎ ያለውን ቀዳዳ መፈለግ፣ ከዚያ ሁለቱንም ማውጣት ነው። ነርሶች የሚያስተምሩት ይህንን ነው። ግን ካልተጠየቀ ማን ይናገራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ። በአዲስ አበባ የሃምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ምጥ ጸንቶባቸው የተጎዱ እህቶቻችንን ሲያክም ኖሯል። በፌስቱላ ሕክምና ቀዳዳው ተጠግኖም ፊኛቸው በራሱ የማይራገፍላቸው ሴቶች አሉ። ካቴተር ለእነዚህ ሴቶችም የዕለት እንጀራ ያህል ነው። በአገር ቤት ሜዲኬር የለም። ስለዚህ ከውጭ ለዘመድ የምትልኩ ሰዎች፣ ቤት ውስጥ የተረፈውን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ አትጠቅጥቁ። መጀመሪያ የታዘዘላትን ቁጥርና ዓይነት ጠይቁ። የአገልግሎት ጊዜውን ተመልከቱ። ዛሬ ሃይድሮፊሊክ አስለምዳችሁ ነገ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ያንኑ እያጠበች ትጠቀማለች፤ እሱ ደግሞ አይታጠብም። ዕጥረት ባለበት አገር ተራውን ካቴተር አጥቦ መጠቀም የኖረ ነገር ነው፤ ግን አምራቾቹ የሚሠሩት ለአንድ ጊዜ መሆኑን አውቃችሁ፣ እንዴት እንደሚደረግ የምታክማት ነርስ ወይም ሐኪም ታሳያት።

ሁላችሁም የምትይዙትን ላስጨብጣችሁ። የሽንቱ መደፍረስ ብቻውን፣ ወይም ምልክት ሳይኖር በምርመራ ባክቴሪያ መገኘቱ፣ ካቴተር ለሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ሐኪም ይወስን። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ብዙ ደም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሽንት ድንገት ጨርሶ እምቢ ብሎ ሆድ ከተወጠረም በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ውሃ መቀነስም መፍትሔ አይደለም። በጾምና በረመዳን ወቅትም ሰዓቱን እንዴት እንደምታስተካክሉ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ።

እህቴ፣ የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ለጥያቄሽ የምሰጥሽ መልስ የምርት ስም አይደለም። እናትሽን ይዘሽ፣ አስተርጓሚ አስጠርተሽ፣ ከነርሷ ፊት ሦስት አራት ዓይነት ናሙና አስቀምጡ። አምራቾቹ ናሙና በነጻ ይልካሉ። አንዱን አጭር፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን የሚያሟልጭ፣ አንዱን ተራ ያድርጉት። በየራሱ ጥቂት ቀን ይሞክሩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ የትኛውን ቦርሳሽ ውስጥ ትይዣለሽ?» እሳቸው የጠቆሙትን ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ይጻፈው። ሌላ ካርቶን ከመጣ ደግሞ መልሺው። ሜዲኬር አቅራቢው ከመላኩ በፊት ደውሎ እንዲጠይቅ ያዛል፤ ሲደውል የምትናገሪው አለሽ ማለት ነው።

ውድ ተመልካቾች፣ ስለ መብት ስናወራ ዓይናችን ሁልጊዜ ቤተ መንግሥት ላይ ነው። መብት ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላም አለ። ዛሬ ማታ ይህን ፕሮግራም ስትጨርሱ፣ ውሃ መጠጣት የቀነሱ፣ ከቤት መውጣት የተዉ እናት ካሏችሁ፣ ሰው በሌለበት ቀስ ብላችሁ ጠይቋቸው። «ደህና ነኝ» ቢሏችሁም አንዴ ድገሙት።

ለዛሬ በዚሁ አበቃሁ። ቸር ያሰንብተን።